ሁለት ካሜራ፣ አንድ መስኮት

ከባሌ ጋር ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ያቆዩት ካሜራዎቹን ነበር። አልጋውና ቁም ሣጥኑ፣ ማተሚያውና ኮምፒዩተሩ፣ የጀርባ መጋረጃዎቹ ሳይቀሩ በግማሽ ቀን ተከፋፍለው አልቀዋል። ልጅ ስላልነበረን በዚያ በኩል ክርክር አልነበረም። ሁለቱ ካሜራዎች ግን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀሩ። አንዷ ትልቅ፣ ከባድ፣ የእጀታዋ ጎማ የተላጠ አሮጌ ናት። ሁለተኛው ከተገዛ ዓመት ያልሞላው፣ ቀለል ያለ አዲስ።

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር።

"አሮጌዋ አሥራ ሁለት ሜጋፒክስል ናት፤ አዲሱ ሃያ አራት" አለ ባሌ።

"እንግዲያ አዲሱ የአሮጌዋ እጥፍ ነው ማለት ነው።"

"እንደዚያ ይበሉት።"

ወንድ ስለሆነ ይሁን ከፊት ስለተቀመጠ እንጃ፣ ቀድሞ እንዲመርጥ የተጠየቀው እሱ ነበር። አዲሱን አነሣ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። መምህሩ የተከፋሁ መስሏቸው "አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይጨምርልሻል" አሉኝ። አልከፋኝም። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ነበር ያቀረቀርሁት።

በካሜራ ሆድ ውስጥ፣ ከሌንሱ ኋላ፣ ሴንሰር የሚባል ገበታ አለ። ብርሃኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ድሮ ፊልም የሚሠራውን ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው። የአሮጌዋ ሴንሰር ከክብሪት ቀፎ ጥቂት ቢያንስ ነው፤ በሙያው ሙሉ ፍሬም ይባላል። የአዲሱ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በጠባቡ ላይ ሃያ አራት ሚሊዮን ነጥብ ታጭቆበታል፤ በሰፊው ላይ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ብቻ ተዘርግቷል። ስለዚህ የአሮጌዋ እያንዳንዷ ነጥብ ሰፊ ናት፣ ብዙ ብርሃን ትቀበላለች። ደመና ሲጫን፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሙሽራ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት መስሎ አይሻክርም። ባሌ ይህን አያውቅም ብዬ ነበር የማምነው። እሱ የሚያየው ቁጥር ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ሠርጉንም ክርስትናውንም ምርቃቱንም በዚያች አሮጌ ያነሣሁ ሴት ነኝ።

የተጣላነውም በእሷ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ፎቶ ቤቱ በእሱ ስም ነበር። እኔ ያነሣሁት ሁሉ የእሱ ስም ታትሞበት ይወጣል። መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም፤ ባልና ሚስት አይደለን? አንድ ጊዜ ግን ሐይቁ ላይ ጎሕ ሲቀድ ያነሣሁት ፎቶ፣ ደንገል የጫነች ታንኳ፣ ተለቅ ተደርጎ አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ባሌ ፎቶውን ተደግፎ ለእንግዶቹ "አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ፣ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነው ያገኘሁት" እያለ ያወራ ነበር። ያን ቀን እስከ ጉልበቴ የገባሁት እኔ ነኝ። እሱ ተኝቶ ነበር። ሲያወራ ቦርሳውን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አንዲት እንግዳ ወደ እኔ ዞር ብላ "አንቺም ትረጅዋለሽ?" አለችኝ። "አዎ" አልኋት። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ መሶብ ብንቀርብም አብረን በላን አይባልም።

ከተፋታን በኋላ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትሁ፤ እሱ ሌላ ሰፈር ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። ከመናኸሪያው በሚወርደው መንገድ ላይ ልክ ፊት ለፊቴ ቤት ተከራየ። መስተዋቱ ላይ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጎ "24 ሜጋፒክስል" ብሎ አጻፈ። ሌላ ምንም አላጻፈም።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ያንቺ ስንት ነው?" ሆነ።

"አሥራ ሁለት።"

"እዚያ ማዶ ሃያ አራት አለ እኮ።"

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቀስ ብዬ ማስረዳት ጀመርሁ። ካርቶን ቆርጬ የሁለቱን ሴንሰር ልክ ሠራሁና ባንኮኒው ላይ ለጠፍሁት። "ይኼ የእኔ ነው፣ ይቺ የእሱ ናት" እላለሁ። አንዳንዱ ይገባዋል። የሚበዛው ግን ካርቶኑን ያይና መንገዱን ይሻገራል። የቀረውን በአፌ ጨረስሁት። "ከእሱ ዘንድ የምታገኙት አሸዋ ነው" አልሁ፤ ለሙሽራ ነገርሁ፣ ለሙሽራ እናት ነገርሁ። እሱም አልተኛልኝም። "ያቺ ጡረታ የወጣች ካሜራ ናት፤ ባለቤቷም እንደዚያው" ማለቱን ሰው አመጣልኝ። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆየን፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት እኔም እከፍታለሁ፤ አንተያይም፣ ግን እያንዳንዳችን የሌላውን ደንበኛ እንቆጥራለን።

በአራተኛው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። የሙሽራዪቱ ቤተሰብ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ግን እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቤት አይወጡም ነበር። እኔን የጠራችኝ የሙሽራዪቱ እናት ናት፤ የሽማግሌው ልጅ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ በልጅነቷ ነው የተዳረችው። የሙሽራው ወገን ደግሞ ከዱርቤቴ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ለቀጠሮ ሲመላለሱ ከመናኸሪያ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ቀይ ጽሑፍ ስለሆነ፣ እሱን ይዘው መጡ።

ዝናብ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ኒካሁ ካለቀ በኋላ ሙሽሮቹ ከአያትየው ምርቃት ሊቀበሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፤ እኛም ተከትለን ገባን። ክፍሉ ጠባብ ነው። ብርሃን የሚገባበት በሐይቁ በኩል ያለ አንድ መስኮት ብቻ ነው፣ አዛውንቱም ፍራሽ ላይ ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ ጥልፍ ያለበት ነጭ ኮፊያ አድርገዋል። እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል፤ ጣቶቻቸው ወፋፍራም፣ ጥፍራቸው በመዶሻ ብዛት የተጠፈጠፈ። ፊታቸው ላይ ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን የሚያምር ነበር። እኔም አየሁት፣ እሱም አየው። ሁለታችንም አንዲት ቦታ ላይ ለመቆም ተጋፋን።

"መስኮቱን ልቀቂ" አለኝ በጥርሱ መካከል።

"ቀድሜህ ነው የገባሁ።"

"ያንቺ በጨለማ ይሠራል አላልሽም? ጥጉ ውስጥ ግቢያ።"

"ያንተ ሃያ አራት አይደል? ከውጭ ሆነህ አንሣ።"

በክርኑ ገፋኝ። እኔም በክርኔ መለስሁለት። ሙሽራዪቱ ጉልበት ልትስም ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና አለችና አየችን። ሽማግሌውም አዩን።

"እናንተ ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?"

"ምንም አይደል አባባ፣ ብርሃን ፈልገን ነው" አልኋቸው።

"ወንድምና እህት ናችሁ?"

"አይደለንም።"

"ባልና ሚስት?"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አገሩ ጠባብ ነው፤ የማያውቀን አልነበረም። "ነበርን" አለ የቀድሞ ባሌ።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። "ታዲያ በእኔ መስኮት ነው የምትጣሉት? የራሳችሁ መስኮት የላችሁም?" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ፤ የቀሩት ሦስት ጥርሶች ታዩ፣ ዐይናቸው ጠበብ ብሎ በራ። በዚያች ቅጽበት ሁለታችንም ቁልፉን ተጫንን። ጠቅታዎቹ አንድ ላይ ተሰሙ። ፊቴ በእፍረት እየነደደ ነበር፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። ፎቶው እንዴት እንደወጣ እንኳ አላየሁም። ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ በእንደዚያ ዓይነት ጨለማ ማን እንደሚያሸንፍ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰብክ ነው የኖርሁት።

ሽማግሌው ከሠርጉ በኋላ ወር አልቆዩም። ልጃቸው ሐዘን ላይ እንዳለች ወደ ፎቶ ቤቴ መጣች፤ ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች። ለአርባቸው ሰደቃ ወንድሞቿና እህቶቿ ከየአገሩ ስለሚመጡ የአባቷን ፎቶ አስፍታ አሳትማ ቤት ልትሰቅል ፈልጋለች።

"ሲስቁ የተነሡትን ነው የምፈልገው። ካንቺም አለ፣ የእሱንም የሙሽራው ወገን በቴሌግራም ልከውልኛል" አለችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። "የትኛው እንደሚሻል አንቺ ንገሪኝ። እኔ በስልክ አይለይልኝም።"

ሁለቱንም ኮምፒዩተር ላይ ከፈትሁ። መጀመሪያ የራሴን አየሁ። ጥላው ንጹሕ ነው፣ ከጉንጫቸው በታች ያለው ጨለማ እንደ ከፋይ ለስላሳ። ደስ አለኝ። ከዚያ አጎላሁትና ደነገጥሁ። የኮፊያው ጥልፍ ክር በክር ይቆጠራል፤ ዐይናቸው ግን ፈዟል። ፎከሱ ከዐይናቸው አምልጦ ኮፊያው ላይ አርፏል። ብርሃን እንዲበዛልኝ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ሁለት ጣት የማይሞላ ስህተት እንኳ ዐይን ያጠፋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ብዬ ነበር አይደል?

የእሱን ከፈትሁ። በቴሌግራም ስለመጣ ተጨምቆ አንሷል፣ ጥላው ውስጥም አሸዋው አለ፤ አለ ብዬ ለሰው የምናገረው ያ አሸዋ። ዐይኖቹ ግን ያዩኛል። እርጥብ ናቸው። የመስኮቱ ቅርጽ ብሌናቸው ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

"የእሱ አይሆንም። ሲሰፋ አሸዋ ብቻ ነው የሚሆነው" አልኋት።

"እንግዲያ ያንቺን።"

በሁለተኛው ቀን መጥታ የታተመውን ተቀበለችኝ። በሁለት እጇ ይዛ ራቅ አደረገችው፤ ቀረብ አደረገችው፤ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው።

"ያምራል" አለች። "ግን አያዩኝም።"

ባንኮኒውን መጥረግ ጀመርሁ።

"አባቴ ሰው ሲያዩ ዐይናቸው ይይዝ ነበር። ልጅ ሆነን ጥፋት አጥፍተን ያንን ዐይን ነበር የምንሸሸው። እዚህ ላይ ኮፊያቸው አለ፣ ጢማቸው አለ፣ እሳቸው የሉም። የዚያኛውም እንዲህ ነው?"

አዎ ብላት ታምነኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፎቶውን እንደ ሕፃን ታቅፋው ቆማለች።

"አይደለም። የእሱ ዐይናቸው አለው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ" አልኋት።

ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አኖረችው፤ ካርቶኖቼ አጠገብ። አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

"በሕይወት ሳሉ በመስኮታቸው ተጣላችሁ። ሞተውም በፊታቸው ትጣላላችሁ?" አለች። "ዋናውን ፎቶ ከእሱ አንቺ ራስሽ ሄደሽ አምጪልኝ። እኔ ለሁለታችሁ መልእክተኛ አልሆንም።" ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች።

ያን መንገድ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሻግሬው አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ የራሴን ፎቶ በፍላሽ ዲስክ ይዤ ተሻገርሁ። ለአንድ ተማሪ ጉርድ ፎቶ እያነሣ ነበር። አየኝ፤ ሰላም አላለኝም፤ እንድቀመጥም አልጋበዘኝም። ተማሪውን አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ እያለ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ቆሜ ጠበቅሁ።

"እሺ" አለ ተማሪው ሲወጣ።

"የጀልባ ሠሪውን ፎቶ፣ ዋናውን ስጠኝ። ልጃቸው ልታሳትመው ነው።"

"እኔ ጋ ማሳተም አትችልም?"

"ያንተ ማተሚያ ያንን ያህል ስፋት አያወጣም። ታውቃለህ።"

ያውቃል፤ በክፍፍሉ ትልቁ ማተሚያ ለእኔ ደርሷል። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ያንቺስ? ሙሉ ፍሬም አይደለም እንዴ? አሥራ ሁለቷ ምን ሆነች?"

"ፎከስ ስቻለሁ።"

ይህን ከአፌ ለማውጣት የከፈልሁትን እኔ ነኝ የማውቅ። ፈገግ አለ። ፍላሹን ከእጄ ተቀብሎ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈተ። ከዚያ ሳልጠይቀው የእሱን አሳንሶ ከእኔው ጋር እኩል መጠን አደረገው። ሃያ አራት ሚሊዮኑ ወደ አሥራ ሁለት ሲወርድ አሸዋው በአብዛኛው ጠፋ። ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ ብዬ ከጉንጫቸው በታች ያለውን ጥላ ፈለግሁ። የእኔ ይሻላል። ግን ልዩነቱን ለማየት መፈለግ ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ለደንበኛ ሁሉ የማልሁትን ያህል አልነበረም፤ ሩቡንም አይሆን። የእኔ ሴንሰር ሰፊ ነው፣ ግን ያረጀ ነው፤ የእሱ ጠባብ ነው፣ ግን የተሠራው ዕውቀቱ ሲሻሻል ነው። ማንም ባለሙያ ሊነግረኝ የሚችለውን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም። እውነቱን ስለማልፈልገው ነው ያልጠየቅሁት።

"ይኸው ነው እንግዲህ" አለኝ።

"የእኔ አሁንም ይሻላል።"

"ይሻላል። አውቃለሁ።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"የተፋታን ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት ዝም ስትይ ነው የገባኝ" አለ። "አንቺ በሕይወትሽ ያለክርክር የለቀቅሽልኝ ነገር የለም። ቤት ገብቼ ዕለቱኑ ስለ ሴንሰር አነበብሁ። አታለለችኝ አልሁ። ማታለልሽን ሳውቅ ነው ቁጥሩን መስተዋቱ ላይ ያጻፍሁት። ሰው ቁጥር ነው የሚያነበው፤ አንቺ ደግሞ በየቀኑ ታነቢዋለሽ።"

"አንተስ ሆቴሉ ውስጥ ያደረግኸው? እስከ ጉልበቴ የገባሁት እኔ ነኝ።"

"እሱን እስከ ዛሬ ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

ይቅርታ ይለኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አላለኝምም። ፎቶውን ወደ ፍላሹ ገለበጠና ያዘው፤ አልሰጠኝም። "አንድ ነገር አለ። ያነሣሁት እኔ መሆኔን ትነግሪያታለሽ። በአፍሽ።"

ያኔ ልተፋበት ምንም አልቀረኝ። ስምንት ዓመት የእኔን ሥራ በስሙ ያወጣ ሰው፣ ለአንድ ፎቶ ስሙ እንዲጠራለት ይፈልጋል። "እነግራታለሁ። እኔ የሰው ሥራ የእኔ ነው አልልም" አልሁት። ፍላሹን ከጣቱ መንጭቄ ወጣሁ።

ያንን ፎቶ አንድ ቀን ሙሉ ሠራሁት። ልበክለው እችል ነበር፤ ጥቂት ማጨለም፣ ጥቂት ማሻከር፣ ማንም አያውቅም። ሐሳቡ አልመጣብኝም ብል ዋሾ ነኝ። ግን ባየሁት ቁጥር ሽማግሌው ያዩኛል። ጥላውን በእጄ እያንዳንዱን ጥግ አለሰለስሁት፤ ዐይናቸውን አልነካሁም። ሁለት ጊዜ አትሜ ሁለቱንም ጣልሁ፤ በሦስተኛው የቆዳቸው ቀለም ልክ መጣልኝ።

ልጃቸው ስትመጣ "ያነሣው እሱ ነው፤ እኔ አተምሁት እንጂ" አልኋት። አየችው። ጣቷን ወደ ዐይናቸው አስጠጋች፤ ግን አልነካችውም። ዋጋዬን ቆጥራ አኖረችልኝና ወረቀቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች። አመሰግናለሁ አላለችኝም። እኔም እንድትለኝ አልጠበቅሁም።

ለሰደቃው ሁለታችንንም ጠርታናለች። አለመሄድ ነውር ስለሚሆን ሄድሁ። እሱም መጥቷል። ፎቶው በክፈፍ ሆኖ በመስኮቱ ትይዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወንድሞቿ አንድ በአንድ እየመጡ ፊቱ ይቆማሉ፤ አንደኛው ሲያየው ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። ሴቶቹ ጓዳ፣ ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ስለነበሩ ከእሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ ከመቀመጥ ተረፍሁ። ዱዓው አልቆ ስወጣ በሩ ላይ ተፋጠጥን።

"ጥሩ አድርገሽ አትመሽዋል" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ምስጋና መቀበል እንኳ አታውቂ።"

"ካንተ አላውቅም።"

ውጭ እንደገና ማካፋት ጀምሮ ነበር። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። ከግቢው በር ላይ አንዲት ባጃጅ ብቻ ቆማለች። እሱ ቀደመኝና ገባ። ባለባጃጁ ሁለታችንም ወደ መናኸሪያ የምንሄድ መሆናችንን ስለሚያውቅ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀኝ።

"ትገቢያለሽ?" አለኝ የቀድሞ ባሌ፣ ወደ ጥግ ጠጋ ብሎ።

"አልገባም" አልሁት፤ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ ሐይቁን ዳር ዳር ይዤ በእግሬ ሄድሁ።